ጅራቱ ያልራሰ ቦይ

ፋጡማ እንደምትለው ኮርኒሱን ከግድግዳው ያላቀቀው የጎረቤት ኤክስካቫተር ነው። ጎረቤትየው አሮጌ ቤቱን አፍርሶ ቪላ ሊያቆም መሠረት ያስቆፈረ ሰሞን፣ ሳህኖቿ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጡ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ በፊት በዚህ ቤት በኮርኒስና በግድግዳ መካከል እንኳን ጣት ክር አይገባም ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በቤት ሠራተኝነት ከዚህ ኮርኒስ ላይ የሸረሪት ድር ስትጠርግ የኖረች እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?

አደም እንደሚሉት ደግሞ ክፍተቱ ከቤቱ ጋር አብሮ የኖረ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አትክልተኛ ሆነው ገና እንደመጡ፣ የእንግዳ መቀበያውን መጅሊስ ቀለም ሲቀቡ እዚያው ጥግ ላይ የጸጉር ያህል መስመር አይተዋል፤ በገዛ እጃቸው በጂፕሰም ደፍነውታል። ቤቱ አርጅቷል፣ ኸላስ። ኤክስካቫተሩን ምን አመጣው?

«አንተ ደግሞ ቀለም ስትቀባ ምን ታያለህ! መስኮቱን ከነመስታወቱ የቀባህ ሰውዬ!» አለች ፋጡማ።

«መሰላሉን ማን ነበር የያዘልኝ? አንቺ አይደለሽም? እየሳቅሽ ስታወዛውዥው ነው መስታወቱ ላይ የሄድኩት።»

ሀሩን በሁለቱ መካከል ቆሞ ጭምብሉን ወደ አፍንጫው ከፍ አደረገ፤ ፈገግታውን ለመደበቅም ጠቀመው። አቡዳቢ ዳር ካለው ሙሳፋህ ተነሥቶ አል ዓይን እስኪደርስ የሰማው የፒክአፑን ሞተር ብቻ ነበር። የወሎ አማርኛ በሁለት አፍ እንዲህ ሲራኮት ከሰማ ቆይቷል።

ሀሩን ከሚሴ ተወልዶ ኮምቦልቻ ሲቪል ምህንድስና የተማረ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። ሙሳፋህ ውስጥ ባለ አንድ የቤት ጥገና ድርጅት ተቀጥሮ ስንጥቅ ይመረምራል። ሥራው መለካት፣ መጠበቅና እንደገና መለካት ስለሆነ ባልደረቦቹ አይወዱትም፤ እሱ ግን ይወደዋል።

የቤቱ ባለቤት ማማ ሞዛ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ልጆቻቸው በአንድ ቀን ሻንጣ አስይዘው አቡዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ ወዳለው የሴት ልጃቸው ቪላ ወሰዷቸው፤ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አልተመለሱም። አሁን ኮርኒሱ ተላቀቀ ሲባል ወንዶቹ ልጆች ቤቱ ይፍረስ አሉ። አሮጊቷ እምቢ አሉ፤ ሟቹ ባላቸው ናቸው ያሠሩት። በመጨረሻ የተስማሙት መሐንዲስ እንዲያየው ነበር። ምክንያቱ ታውቆ የሚጠገን ከሆነ ይጠገናል፣ ካልሆነ ይፈርሳል።

ከፈረሰ አትክልተኛ አያስፈልግም። የአደም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ደግሞ ከረመዳን በፊት ያልቃል። ፋጡማ ለራሷ አልፈራችም፤ በመጋቢት ጠቅልላ አገሯ ሐርቡ ልትገባ ትኬቷን ቆርጣለች። አደም ግን ደሴ ነርሲንግ የምትማር የመጨረሻ ልጅ አለቻቸው፤ ለመመረቅ ሁለት ዓመት ይቀራታል። በስልሳ ዓመታቸው፣ ሥራ ሁሉ በቀዘቀዘበት በዚህ ዘመን፣ ማን ሌላ ካፊል ሆኖ ኢቃማ ያወጣላቸዋል?

«እስቲ ቤቱን ደግሞ እንጠይቀው» አለ ሀሩን፣ ዕቃውን ከመኪናው እያወረደ።

የወለሉን ልክ ለማወቅ ረጅም ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ ለአደም አስያዘ፤ ሌላውን ይዞ መጅሊሱን ከጥግ ጥግ ዞረ። በሦስቱ ጥጎች ወለሉ እኩል ነው። በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ወርዷል። በዚያ በኩል ያለው በር ሲዘጋ ወለሉን ይፍቃል። ከመስኮቱ ታችኛ ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከላይ፣ ኮርኒሱ ሥር ያለው ክፍተት ጥጉ ላይ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ከዚያ እየጠበበ ሄዶ አራት እርምጃ ላይ ይጠፋል።

መሰላል ላይ ወጥቶ በስልኩ መብራት ክፍተቱን ሲያይ ቆየ።

«ኮርኒሱ ተነሣ ትላላችሁ እንጂ ኮርኒሱ የትም አልሄደም» አለ ሲወርድ። «ከላይ የኮንክሪቱ ሶሌታ ይዞታል። የወረደው ግድግዳው ነው።»

ፋጡማ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥላ ወደ እግሯ አየች። «ቢስሚላህ! እኛን ይዞ?»

«ቀስ ብሎ ነው፣ እትዬ። አብሽሪ።»

ከዚያ ለሁለቱም በየተራ ነገራቸው። «ጋሽ አደም፣ ያዩት የጸጉር መስመር እውነት ነው፤ አሁንም አለች፣ ከቀለሙ ሥር። ይህኛው ግን ውስጡ ንጹሕ ነው፤ አቧራ አልገባበትም፣ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ዓመት እንኳ አልሞላውም። እትዬ፣ ሳህኖቹም ተንቀጥቅጠዋል፣ አምኛለሁ። ግን የጎረቤት ጉድጓድ በደቡብ ነው፤ የወረደው ሰሜኑ ነው። ቅርቡን ትቶ ሩቁን አያወርድም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«እሱን ገና አላወቅሁም።»

ቧንቧ ፈንድቶ እንደሆነ ብሎ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ አስዘግቶ ቆጣሪውን አንድ ሰዓት ተመለከተ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ስንጥቁን አቋርጦ በሦስት ቦታ ስስ የጂፕሰም ልጥፍ ለጠፈና ቀኑን ጻፈበት። «በአሥር ቀን እመለሳለሁ። ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየወረደ ነው። እስከዚያ ክፍተቱን እንዳትደፍኑት። እሱ የሚደፈነው መጨረሻ ላይ ነው።»

ሥራው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። የቤቱን ዙሪያ አንድ ጊዜ ልይ ብሎ በጓሮ በኩል ሲዞር ግን እግሩ ቆመ።

ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር በቆሎ ቆሟል። ከራሱ ቁመት በላይ የወጣ፣ ጸጉሩን የጣለ፣ ቅጠሉ የሚንሿሿ በቆሎ። በመደዳው መካከል ጎመን፣ ከዳር ጤና አዳም። የጀበል ሐፊት ተራራ ወዲያ ማዶ ገርጥቶ ይታያል፤ እዚህ ግን እርጥብ አፈር ይሸታል። ሀሩን ጭምብሉን አወረደ። በቦዮቹ መካከል ልክ በልጅነቱ እንደሚረማመደው፣ ጠርዙን እንዳይንድ እግሩን እያሰፋ፣ እስከ መሃል ገባ። ቴምሮቹ ሥር የሚያንጠባጥብ ጥቁር ጎማ ተዘርግቷል፤ በቆሎው ሥር ግን ጎማ የለም። ይህንንም አየ።

«ምን ያስቆምሃል፣ ና እሸት ብላ!» ብላ ጠራችው ፋጡማ።

በጋዝ ምድጃ ላይ የተጠበሰ እሸት ነበር፤ አንዱ ጎኑ አርሮ ሌላው ያልበሰለ። የጓሮው በር ደፍ ላይ ተራርቀው ተቀምጠው በሉ። ፋጡማ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አጫወተችው። ዓምና በመጋቢትም ትኬት ነበራት። ሻንጣዋ ታስሮ፣ ለእናቷ የገዛችው ነጠላ ከላይ ተደርጎ፣ አውሮፕላን ቆመ ተባለ። በሚያዝያ እናቷ ሞቱ። ቀብሩን በስልክ አየች፤ ኔትወርኩ እየቆመ፣ ሰው ሁሉ ጭምብል ለብሶ ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ።

«ከዚያ እህል አልበላ አለኝ። ይኼ ሰውዬ መጥቶ ምን ላምጣልሽ አለኝ። ምን ያመጣል፣ በሩ ተዘግቶ! እሸት አልኩት፣ እንዲያው ለመሳለቅ። በማግሥቱ አካፋ ይዞ ሲቆፍር አየሁት።»

«ማማ ሞዛን አስፈቅጄ ነው» አሉ አደም። «ዘሩን ከሙሳፋህ አንድ ሾፌር ላከልኝ። ለዐረፋ ደረሰ።»

«ለዐረፋ የደረሰው ሦስት ራስ ነው! ሦስት!»

«ሙቀቱ ነዋ። ዘንድሮ በጥቅምት ዘራሁ፤ ይኸው።»

አባታቸው ቦርከና ዳር የውሃ አባት እንደነበሩ አደም ሲናገሩ ሀሩን ማኘኩን ተወ። የውሃ አባት ማለት ገበሬው ሁሉ መርጦ የመስኖውን ተራ የሚያስከብረው ሰው ነው። ሀሩን በልጅነቱ፣ አያቱ ዘንድ ሲያድር፣ ጎህ ሳይቀድ ከኮረብታው ላይ የሚጣራ አንድ ድምፅ ነበር፤ «የእንድሪስ ተራ! የእንድሪስ ተራ አለቀ፣ የሰይድ ነው!» ይል ነበር። ውሃው በጨለማው ውስጥ አቅጣጫ ሲቀይር አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማው ነበር። ያንን ድምፅ ረስቶት ኖሯል። ሲመለስ ሙሳፋህ እስኪደርስ ጋቢናው እሸት እሸት ሸተተው፤ ፋጡማ አራት ራስ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጥታው ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሲመለስ ሦስቱም ልጥፎች ተሰንጥቀዋል።

ሀሩን ጥጉ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር ቆፈረ። አደም አፈሩን ያወጡለታል። የላይኛው ክንድ ያህል ደረቅ ነበር። ከዚያ በታች አፈሩ ጠቆረ። መሠረቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ በእጁ ጨበጥ አደረገው፤ ተጣበቀ። ቀጭን ፌሮ አስገብቶ በመዳፉ ቢጫነው ብረቱ ያለ ምንም ትግል እስከ ክንዱ ሰመጠ። ለንጽጽር በደቡቡ በኩል ሌላ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እዚያ ያው ፌሮ በመዶሻ ተመትቶም አልገባ አለ።

«ውሃ» አለ። «ግን ከየት?» አለና ቀና አለ።

ቦዩ ፊቱ ነበር። ከግቢው ታንከር ተነሥቶ፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቆ፣ ጥጉን ታክኮ ወደ በቆሎው የሚሄድ ቦይ። ባለፈው ጊዜ ጠርዙን እንዳይንድ ተጠንቅቆ የተሻገረው ይህንኑ ነው። ሌላ አገር ያደገ መሐንዲስ ቢሆን ገና በሩን ሲከፍት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በጮኸ ነበር። ሀሩን ግን ቦይ ሲያይ ያደገ ልጅ ነው፤ ቦይ ባለበት ቦታ ቦይ ማየት አልደነቀውም። ቤቱን ሊመረምር መጥቶ አያቱ ጓሮ ውስጥ ገብቶ ነበር የወጣው።

«ጋሽ አደም፣ ውሃውን የሚዘጉት መቼ ነው?»

«ጅራቱ ሲርስ ነዋ» አሉ አደም፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። «አባቴ ያስተማረኝ ነው። የቦዩ ጅራት ሳይርስ ውሃ የዘጋ ሰው ዘሩን በድሏል። ጎህ ሳይቀድ፣ ከሱብሒ በፊት እከፍተዋለሁ።»

«መቼ ይርሳል?»

«እዚህ አገር… አይርስም። አፈሩ ጠገብኩ አያውቅም። እዚህ ጥጉ ጋ ሲደርስ ይጠጣዋል። እስከ እኩለ ቀን፣ እስከ ዙህር እጠብቀዋለሁ፤ አንዳንዴ እስከ ዐስር። ምስኪን፣ ስንት ዘመን ጠምቶት ነው እል ነበር።»

ሀሩን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከደቡቡ ጉድጓድ ያወጣውን የአፈር ጓል መዳፉ ላይ አደረገ። ድንጋይ ይመስላል። ከጠርሙሱ ጥቂት ውሃ አፈሰሰበት። ጓሉ ትንሽ አረፋ ደፍቆ ቆየና ፍርክስክስ ብሎ ተኛ፤ ቁመቱ በግማሽ አነሰ።

«የቦርከና ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጠግቦ ወደ ጎረቤቱ ያሳልፋል። ይኼኛው የቆመው በጨው ነው፣ ጋሽ አደም። ሲርስ ጨዉ ይሟሟል፣ አፈሩ በራሱ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳውም አብሮት።»

አደም መዳፉ ላይ ያለውን ጭቃ አዩ። ከዚያ ግድግዳውን። አካፋቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስተኙትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ፋጡማ ሰምታ ነበር። ሀሩንን በክርኑ ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባችው፤ የጤና ሰዎች ያስለመዱትን ርቀት ረስታዋለች።

«ስማኝ፣ የኔ ጌታ። ኤክስካቫተር ብለህ ጻፍ።»

«እትዬ ፋጡማ…»

«እኔ መጀመሪያም ያልኩት እሱን ነው፤ አልዋሸሁም። ጎረቤትየው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳዋል? ልጆቹ ምክንያት ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው። አትክልተኛው ቤታችንን አሰመጠ ከተባለ ነገ ነው የሚያወጡት። የልጅቱስ ትምህርት?»

ሀሩንን ነገሩ ቀላል መሆኑ ነው ያስፈራው። አንድ ቃል ነው፤ ማንም መጥቶ አይቆፍርም። ደግሞም እሱ ራሱ እዚያ ደፍ ላይ ተቀምጦ እሸቱን በልቷል።

«ኤክስካቫተር ብዬ ብጽፍ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ድርጅቱ በደቡብ በኩል ይጠግናል። በሰሜን ውሃው ይቀጥላል። በሚቀጥለው ዓመት ግድግዳው ይወድቃል፤ ምናልባት ጋሽ አደም አጠገቡ ቆመው። የማያውቁት ጎረቤትም ባላደረገው ነገር ይከሰሳል። አልችልም፣ እትዬ። ውሃ ብዬ ነው የምጽፈው። በመጀመሪያው ቀን ሳላየው እንዳለፍኩም እጽፋለሁ፤ አሥር ቀን ውሃ የፈሰሰው በኔ ነው። የሰው ስም ግን አልጽፍም፤ ወረቀቱ የሚጠይቀው ምክንያቱን ነው።»

«ማማስ ማን ነው ያጠጣው ብትልህ?»

«እሱን እኔ አልመልስም።»

ማማ ሞዛ ከዙህር ሶላት በኋላ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ፋጡማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጓሮው ደፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ዐረብኛውን ስታስተረጉም እጇን መሐረም ላይ ትጠርግ ነበር።

«መሐንዲሱ አለ? ቤቴ ይሞታል ወይስ ይድናል?»

«ይድናል» አለ ሀሩን። አስረዳቸው። መጀመሪያ ውሃው ይቆማል። አፈሩ ሁለት ወር ይደርቃል፤ በየሳምንቱ ሰው መለካት አለበት። ከዚያ ከመሠረቱ ሥር አንድ አንድ ሜትር እያፈራረቁ ቆፍረው እስከ ጠንካራው መሬት ኮንክሪት ይሞላሉ፤ ባንድ ጊዜ ሁሉንም አይነኩትም። ልጥፍ ተለጥፎ ወር ሙሉ ካልተሰነጠቀ ብቻ ኮርኒሱ ሥር ያለው ክፍተት ይደፈናል። «ከዚያ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይቆማል።»

«አልሐምዱሊላህ። ውሃው ከየት መጣ?»

ፋጡማ አላስተረጎመችም። ማስተርጎም አላስፈለገም፤ አደም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀሙት ዐረብኛ ነበራቸው።

«ከኔ ነው፣ ማማ። ለበቆሎው የለቀቅሁት ነው። በአገሬ እንደማጠጣው አጠጣሁ። መሬቱ የሌላ አገር መሆኑን ረሳሁ።»

አሮጊቷ ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይህም ባሰ።

«አደም፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ግን ልጆቼን ታውቃቸዋለህ። ቤቱ ይቁም ካልኳቸው እነሱም አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ኢቃማው አይታደስም ይላሉ፤ እኔ በሁለቱም መሟገት አልችልም፣ አርጅቻለሁ። ደግሞ ፋጡማም በመጋቢት ትሄዳለች። የማያውቀኝ ሰው በቤቴ ገብቶ ሁለት ወር አፈር ሲለካ ልታገሥ ነው? ምናልባት ልጆቹ እውነታቸውን ይሆናል። ምናልባት ይፍረስ።»

አደም «እሺ፣ ማማ» አሉ። ተነሥተው ወደ ታንከሩ ሄዱና ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ጥጉ ጋ ደርሶ ሲሰርግ ሀሩን ያየዋል። ደብተሩን ዘግቶ ጭኑ ላይ አድርጎታል፤ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ይህን ቀን ግን ቀለል አላደረገለትም።

ፋጡማ በቆሎውን ስታይ ቆየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትቆጥር ትመስላለች፣ ወይም ዱዓ የምታደርግ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገና ያልተዘጋውን ስልክ ከደፉ ላይ አነሣችና እንደ መስታወት ፊቷ ፊት ያዘችው።

«ማማ፣ እሸት ያማረኝ እኔ ነኝ፤ እሱ አላማረውም» አለች። መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥላ አደም ታንከሩ ጋ ሆነው እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ። «ለልጆችሽ ንገሪያቸው። ፋጡማ ትኬቷን ትመልሳለች። አደም ከኔ ጋር ከቆየ አንድ ዓመት እቆያለሁ፣ በየሳምንቱ እኔ እለካለሁ፣ ቤትሽን አቁሜ ቁልፉን በእጅሽ አስረክቤሽ ነው የምሄደው። እሱ ከወጣ ግን እኔም ዛሬውኑ ሻንጣዬን አስራለሁ።»